ባንድ ነን

«ለቀቀ» የምትለዋን ግስ ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ላይ እንደ ዋዛ አትወርውሯት። ዘፋኝ ዘፈን ይለቃል፤ ሹም ወንበር ይለቃል፤ ርካሽ ጥለት ቀለም ይለቃል፤ እንቅልፋም እረኛ ከብቱን ሰው አዝመራ ላይ ይለቃል። የስማዳ ሰው ቃል ሲሰጡት እንደ ተጠረጠረ ብር ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ አገላብጦ ሳያይ ኪሱ አይከትም። አይፈረድበትም። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አባም ያሉት ጎረቤቱ ጋይንት ውስጥ ነው። የቆሎ ተማሪ ሲመጸውት የኖረ አገር ነው፤ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር አንድ ጆሮ ለሰሙ፣ አንድ ጆሮ ለወርቁ መድቦ ያዳምጣል።

ስለዚህ ከወዲሁ ልማል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለ ሙዚቃ ነው። አንባቢ ሌላ ነገር የሰማ ከመሰለው ጥፋቱ የጆሮው ነው፤ እኔ የለሁበትም።

የገበያ ቀን ነበር። ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ የሸራ ዳሶችን እያራገበ ሲያስቸግር አንድ ጠላ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ፣ ከምድጃው በላይ፣ አንድ የዘፈን ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጢሱ አጥቁሮታል፤ ጥግ ጥጉ ተገሽልጧል። የዘፋኞቹ ፊት ከአንገት በላይ ስለ ተቀደደ ማን ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ኮታቸው ብቻ ቀርቷል። ከኮታቸው በታች በትልቁ «በቅርብ ቀን» ይላል። የማስታወቂያውን ዕድሜ የጠየቅኳት የቤቱ ባለቤት ጣሳዬን እየሞላች «ይህ ልጄ ድክ ድክ ሲል ነው የለጠፉት» አለችና በጣቷ አሳየችኝ። ልጇ በር ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል።

ከማስታወቂያው ሥር ቴፕ አለ። ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ አሮጌ ቴፕ ነው፤ ግን የግራው ከሞተ ቆይቷል፤ የሚናገረው አንዱ ወገን ብቻ ነው። የተቀመጠው ጥርብ ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋዩ ለቴፕ ማስቀመጫነት እንዳልተጠረበ ያስታውቃል፤ ፊቱ ላይ «የመሠ» የሚሉ ሦስት ፊደላትና የአንድ መጋረጃ ቀለበት ዝገት ይታያሉ። አልጠየቅኩም።

አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ወጣት ከሣጥኑ አንድ ካሴት አወጣ። ክሩ ወጥቶ ተንጨባሮ ስለ ነበር በእስክርቢቶ መለሰው፤ እስክርቢቶውን በቀዳዳው ሰክቶ፣ ካሴቱን እንደ እንዝርት እያሾረ። ከዚያ ባትሪዎቹን አውጥቶ አንድ በአንድ በጥርሱ ነከሳቸው። ለማያውቅ ሰው ጅል ይመስላል፤ የተነከሰ ባትሪ ግን አንድ ዘፈን ያህል ዕድሜ ይሰጣል። «ወደ ፊት መብራት ሲመጣ ጥርሴን አሳርፋለሁ» አለ። ቴፑ አጓርቶ ተነሣ። ዋልያስ ባንድ ነበር፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቼ በለው» አልበም ላይ ያለው፣ የውጭ አገር ባንዶች ደጋግመው የሚጫወቱት።

«ድምፃዊው ማን ነው?» አለ ከዓባይ ቆላ ማሽላ ይዞ የወጣ ገበሬ።

«ድምፃዊ የለውም፣ አያ» አለ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር። «መሣሪያ ብቻ ነው።»

«ድምፅ ሳይሰጥበት እንዲህ ገነነ?»

«ያኔ ግጥም የሚያይ ሳንሱር ነበር። ግጥም የሌለውን ግን ምን ብሎ ይከሰዋል?»

ገበሬው ጣሳውን አስቀመጠ። «ገባኝ» አለ። ምን እንደ ገባው አልተናገረም።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ አዲስ አበባ በተማረበት ዘመን የሆቴል ሙዚቃን በመስኮት ያዳመጠ ሰው ስለ ሆነ፣ የዋልያስን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አመጣው። ባንዱ የሒልተን ሆቴል ባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሕሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ጉዞው ሲያበቃ ግማሹ ተመለሰ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ግን እዚያው ቀሩ። እንግዲህ፣ አለ መምህሩ፣ ዋልያስ የትኛው ነው? የሄደው ነው ወይስ የተመለሰው?

ጠላ ቤቱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። «ነባሮች» የምላቸው ወገኖች ባንድ ማለት ሰው ነው አሉ፤ ኦርጋኑን የሚነካው ከሌለ ስሙ ቢቀመጥ የባዶ ጎተራ ክዳን ነው። «ተተኪዎች» ደግሞ ባንድ ማለት ስም ነው አሉ፤ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ ታርጋው እስካለ መኪናው ይነዳል። ጠጋኙ ከተተኪዎች ወገን ነበር። አንዱ ነባር «ሾፌሩ መንዳት ባይችልስ?» ሲለው «ተሳፋሪውን ይቀይራሉ» አለ።

በመሐል መምህሩ ሌላ ታሪክ ጨመረ፤ ነገሩን ያባሰውም ይኸው ነው። በዚያው ዘመን አይቤክስ የሚባል ባንድ ነበር። አይቤክስ ማለት በእንግሊዝኛ ያው ዋልያ ማለት ነው። ሁለቱም ባንዶች የእኛኑ የስሜን ተራራ ፍየል ስም ተሸክመው፣ አንዱ በአማርኛ አንዱ በፈረንጅ አፍ፣ አዲስ አበባ ላይ ይቀናቀኑ ነበር። (ፍየሏ ራሷ ከገደሏ አልወረደችም፤ በስሟ የተገኘውም ገቢ አልደረሳትም።) ኋላ አይቤክስ ስሙን ለውጦ ሮሃ ባንድ ተባለ። ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስም ነው። ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን፣ ሰላም ሥዩም ጊታሩን እንደ ያዙ ቀጠሉ።

«እና» አለ ጠጋኙ፣ «ዋልያስ ሰዉ ሲለወጥ ስሙ ያው ነው። አይቤክስ ደግሞ ስሙ ሲለወጥ ሰዉ ያው ነው።»

«በትክክል።»

«ስሙም ሰዉም ባንዴ የሚለወጥበት ጊዜ የለም?»

መምህሩ ሳል ያዘው። የጠላ አንቡላ ነው አለ።

በነገራችን ላይ እነሮሃን የሚነካ ነገር መናገሬ አይደለም። የቀረጹትን ዜማ ለመቁጠር ጣት አይበቃም፤ በዚያ ዘመን ካሴት ካወጣ ድምፃዊ እነሱ ያላጀቡት ቢፈለግ ጥቂት ነው። ስም ለውጠው ሥራ ሠሩ። ክርክሩን ወገዳ ላይ ያስነሣው ስም መለወጡ ሳይሆን ከስሙ በኋላ የሚጠበቀው ነው።

ገበሬው ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ ስለ አጃቢ ጠየቀ። «የአንድ ባንድ መሪ በመኪና ሲያልፍ አይቻለሁ» አለ። «ከፊት ሁለት መኪና፣ ከኋላ ሦስት። አጃቢው ብዙ ነበር።»

«አጃቢ ማለት እንኳ ጊታርና ከበሮ የሚመታው ነው፣ አያ» አለ መምህሩ።

«አዎን፣ ሲመቱ አይቻለሁ።»

ማንም አልሳቀም። የጎኔ ሰውዬ ቆሎውን መቆርጠም አቆመ። ቤቱ እንደዚያ ጸጥ ሲል ቴፑ ብቻ ቀረ፤ ያውም የቀኙ ወገን።

መምህሩ ጸጥታውን ለመስበር ይመስላል ስለ ሰዓት እላፊ አወራ። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀ ጊዜ የአዲስ አበባ ሆቴሎች ዘዴ ፈጠሩ። ታዳሚው ሰዓቱ ሳይደርስ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። የገባ አይወጣም። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ መጫወትን የለመደው እንዲህ ነው፤ የእነዋልያስ ጣት የጠነከረውም እዚያ ነው።

ገበሬው እንደ ገና ጣሳውን አስቀመጠ። ጣሳ ባስቀመጠ ቁጥር ልቤ ይመታ ጀመር።

«ያ ሁሉ ሰው እስኪነጋ የተቀመጠው ባንዱን ወዶ ነው» አለ፣ «ወይስ በሩ ተዘግቶበት?»

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል።»

«ባንዱስ ለይቶ ያውቃል?»

መምህሩ መልስ ሲያጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ግን መልስ አለኝ ብዬ አስባለሁ፦ አያውቅም። ከመድረክ ላይ ሆኖ ለሚያይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ማንም ሲወጣ አይታይም፤ ጭብጨባም አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወዳልወጣው ዘፈን የመጣነው የሁለተኛው ማሰሮ ክዳን ሲከፈት ነው። እዚህ ላይ ጠጋኙ ከሁሉ ይበልጣል፤ ስለ ካሴት የማያውቀው የለም። የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ያወራው እሱ ነው። ሰውየው አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን፣ በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ መሣሪያ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ሙዚቃው ቀዘቀዘና ዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ያዘ። ደንበኛ እስኪመጣ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ፣ ኪቦርዱን ከታክሲው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመዳል። አድማጭ የለም። መድረክ የለም። ይለማመዳል። ዓመታት አለፉ። አንድ ካሴት አዳኝ ፈረንጅ ባሕር ዳር መጥቶ የሱቅ ካሴት ሲያገላብጥ ያንን የ1985 ካሴት አገኘ። ፈልጎ ደወለለት። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገና ታተመ። ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ ከዋልያስ ጋር በ1975 የሠራው «ትዝታ» በ2021 ተከተሉ። ግርማ በየነም ቢሆን አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ2017 በዕድሜው ማታ አዲስ አልበም ይዞ ብቅ ብሏል።

«ባሕር ዳር!» አለ ጠጋኙ። «እዚህ አፍንጫችን ሥር። እኛ እኮ አልፈነው ስንሄድ ነበር።»

«ኃይሉስ አዲስ አልሠራም?» አልኩት፣ ሰምቼ እንደማላውቅ ሆኜ።

«ሠርቷል እንጂ። በፈረንጆቹ 2018። ‹ላላ በሉ› ይባላል።»

«ምን በሉ?» አለ ገበሬው።

«ላላ።»

«ምን እንደ በሉ እኮ ነው የምጠይቅህ።»

«በሉ ማለት እዚህ ላይ ‹ተናገሩ› ማለት ነው፣ አያ» አለ መምህሩ ቸኩሎ።

«እሺ። እዚህ ላይ።»

ጠጋኙ ከዚህ በኋላ የተናገረውን ቃል በቃል ለመያዝ ሞክሬአለሁ። ዘፈን ሁለት ዓይነት ነው አለ፤ ተሠርቶ የተረሳና ወጣ ተብሎ ያልተሠራ። የኃይሉ ዘፈን የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ተሠርቷል፣ ተቀርጿል፣ ኋላም ተረስቶ ሣጥን ውስጥ ሠላሳና አርባ ዓመት ያህል ከርሟል። እንደዚህ ያለው ቢዘገይም አይጠፋም። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያው ይለጠፋል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ጭብጨባው ይቀረጻል፤ ዘፈኑ ብቻ አይኖርም። ግድግዳው ላይ ያለውን በአገጩ አመለከተ። ስለዚህ አልበም የባንዱን ሰዎች ሄዶ ጠይቋቸው ነበር። ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ባንዱን ለቆ ነበር። ሁለተኛ የጠየቀው አዲስ ስለ ሆነ ስለ ድሮው አልበም አያውቅም። ሦስተኛው «በሂደት ላይ ነው» አለው።

«ሁልጊዜ አባል ነው የሚለቁት» አለ፤ «ዘፈን ሲለቁ አላየንም።»

ይህን ጊዜ ነው ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የነበሩት የኔታ ቀና ያሉት። የገቡት ነፋሱን ሽሽት ነው፤ የያዙት ውሃ ነው። «ሂደት አልከኝ?» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ሂደትማ የእኛ ነው።»

አስረዱን። የድጓ ዜማ በፊደል አናት ላይ የሚጻፍ ምልክት አለው። ምልክቱን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ዋና ዋናዎቹ ስምንት ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። አንዱ ድምፅህን ያዝ ይልሃል፣ ሌላው ድፋ፣ ሌላው ሂድ ሂድ፣ ሌላው ቁረጥ ይልሃል። የኔታ ጣታቸውን አየር ላይ እያስኬዱ አንድ መስመር በለሆሳስ አዜሙልን፤ የቤቱ ባለቤት እንኳ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ሰማች።

«ያንተ ባንድ» አሉ ወደ ማስታወቂያው ሳይዞሩ፣ «ሂደት አለው፤ ይዘት የለውም። ድፋት አብዝቷል። ቅናትማ ሞልቶታል። ቁርጥ የሚሉትን ግን ያስተማረው የለም።»

ጠጋኙ ሳቀ። መምህሩ ሳል ጀመረው። እኔ ማስታወሻዬን ዘጋሁ፤ ከዚያ መልሼ ከፈትኩ።

የኔታ ግን አልጨረሱም። አባል መለወጥ ነውር አይደለም አሉ። ቤተልሔም ስንት መምህር አልፎባታል፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ይሞታል፣ ይተካል። ዜማው ግን ከሰው ሰው ሲተላለፍ የማይፈርሰው የሚተካው ሰው ስለሚፈተን ነው። ተማሪው ድጓውን ሌላ ቦታ ተምሮ ሊመጣ ይችላል፤ በእጁ የጻፈውን መጽሐፍ ይዞ፣ ቤተልሔም ገብቶ፣ ምልክት በምልክት እየታረመ ያስመሰክራል። አንዲት ጭረት በጎደለች ፍቆ ይጽፋታል። ዓመት ቢፈጅ ይፈጃል። መርቆ የሚያስተላልፍ እንጂ አልፎ የሚመረቅ የለም።

«እስቲ ንገሩኝ» አሉ። «የናንተ ባንድ የሚተካው አስመስክሮ ነው፣ ወይስ ተመስክሮለት?»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ የሚችል ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። እኔም ለማለሳለስ ብዬ «የኔታ፣ ዋልያስን ማለትዎ ነው?» አልኳቸው። በዓይናቸው ከእግሬ እስከ ራሴ ለኩኝ። «ዋልያስ የሚባለውን አላውቀውም ልጄ» አሉ።

ባትሪው አለቀ። ሙዚቃው እየተጎተተ፣ እየወፈረ፣ እንደ ደከመ በሬ አቃስቶ ቆመ። ጠጋኙ ሊነክስ ሲያወጣቸው አንድ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ከገበያው ገባ፤ ሁለት ሦስት ቦታ ቀማምሶ ስለ መጣ ሞቅ ብሎታል። ከበሩ ላይ ሆኖ ጭራውን ቃኘ። ማሲንቆው አንድ ክር ብቻ እንዳለው አስቡት፤ አሰላለፍ የሚቀይርበት የለውም፣ የሚለቀው አባል የለውም። ባንድ ክር ነው የሚኖረው።

አንዱ ነባር የማይረባ ስንኝ ሰጠው፤ አዝማሪው ተቀበለ። አንዱ ተተኪም የባሰ ሰጠው፤ ያንንም ተቀበለ። ሥራው ነው። ከዚያ የቤቱ ባለቤት፣ እስካሁን ጠላ ከመቅዳትና ሒሳብ ከመያዝ በቀር ቃል ያልወጣት ሴት፣ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ወደ መሐል መጣች።

«ተቀበል!» አለችው።

«በይ፣ እትዬ።»

«አባል ሲለቅ ከርሞ ዘፈኑን ሳይለቅ፣
ባንድ ነን እያልን ስንቱ ሰው ይለቅ?»

አዝማሪው ቀስቱን ጭራው ላይ አሳርፎ ሊጀምር ሲል ተወው። ቤቱን አየ። ጠጋኙ ቀድሞ ሳቀ፤ ባንድ ሲባል ባንድ ነው፣ አባል መልቀቅም አባል መልቀቅ ነው፤ ሳቁ ትክክል ነው። ገበሬው አልሳቀም። ከንፈሩ «ይለቅ» የምትለዋን ቃል ሲደግማት አየሁ፤ አንድ ጊዜ አጥብቆ፣ አንድ ጊዜ አላልቶ። የኔታ ጋቢያቸውን መልሰው ተከናነቡ። አዝማሪውም ስንኙን ተቀብሎ አንዴ ብቻ ዘፈነው፤ ለመደገም ሲጠየቅ ጉሮሮዬ ደርቋል አለ፤ ጣሳ ሲሰጠውም ጠጣና አልደገመውም።

በኋላ ሒሳብ ስከፍል «ስለ የትኛው ባንድ ነው ያልሽው፣ እትዬ?» አልኳት።

«እነዚያ ግድግዳዬ ላይ የለጠፉት» አለች። «የለጠፉበት ዱቄት የኔ ነው፤ ሙጫ ብለው ወስደው አልከፈሉኝም።»

ቀና ብዬ አየሁት። «በቅርብ» የሚለው ቃል በጢሱ ጠቁሮ ሊጠፋ ደርሷል። «ቀን» የሚለው ግን ገና ይነበባል።